ብርቱካንማው ጨውና የአያ ቢተው ፎቶ

ሰው የሚሞተው አንድ ጊዜ ነው፤ አያ ቢተው ግን ሦስት ጊዜ ሞተዋል። የመጀመሪያው የእግዜር ሥራ ስለሆነ እኔ የለሁበትም። ሁለቱ ግን ሙሉ በሙሉ የእኔ ጥፋት ናቸው፤ ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

እንጅባራ ውስጥ አንዲት ፎቶ ቤት አለችኝ። ድሮ ሙሽራና ሚዜ የሚጋፉባት ነበረች። ዛሬ ሰው ሁሉ ካሜራውን በኪሱ ይዞ ስለሚዞር ወደ እኔ ብቅ የሚለው ጉርድ ፎቶ አምጣ የተባለ ብቻ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ቀን በሬ ላይ ተቀምጬ ጉም አያለሁ። እንጅባራን ለማያውቅ ልንገር፤ በነሐሴ ወር ከተማችን የምትኖረው ደመና ውስጥ ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው የጎረቤታችን የማርታ ልብስ ስፌት ቤት ጠዋት ይታያል፣ ረፋድ ላይ ይጠፋል፣ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ብቻ ተንሳፍፎ ይመጣል። ባጃጅ ድምፁ ይቀድምና ራሱ ኋላ ይደርሳል። እንዲህ ባለ አገር ቁጭ ብሎ የሚውል ሰው ሐሳቡም እንደ ጉሙ ቅርጽ ያጣል። ባለቤቴ "ዐይኑን ገልጦ የሚተኛ ሰው ያየሁት አንተን ብቻ ነው" የምትለኝ ወዳ አይደለም።

አንድ ቀን እንደዚያ ዐይኔን ገልጬ ተኝቼ ሳለ እማማ እንጉዳይ ከጉሙ ውስጥ ወጡ። ቤታቸው ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነው። በነጠላቸው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ክፈፍ ይዘዋል። ገና ሳየው ምን እንደሆነ ገባኝ።

"ልጄ" አሉ ላስቲኩን እየፈቱ፣ "ይኸው ሰውዬው እንደገና ሄደ።"

አየሁት። የባላቸው የአያ ቢተው ፎቶ ነው። ፎቶ ነበር ብል ይሻላል። ፊታቸው ገርጥቶ ገርጥቶ የተፈላ ውሃ መስሏል። ጢማቸው የለም። ከጋቢያቸው የቀረችው አንዲት ጥለት ብቻ ናት። ያተምኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት የደበዘዘውንም ያተምኩት እኔው ነኝ። የእማማ ቤት ጭስ አለበት፣ እርጥበት አለበት፤ የእኔ ማተሚያ ቀለም ደግሞ ጭስና እርጥበት ባየ ቁጥር ጓዙን ጠቅልሎ ይሰደዳል።

"እንደገና አትምልዎታለሁ፣ ግድ የለም፤ ያለ ምንም ክፍያ" አልኩ።

"ማተሙንስ ታትምልኛለህ። ግን ልጄ፣ አንድ ጊዜ ቀብሬዋለሁ፤ በየዓመቱ ግድግዳ ላይ ሲሞት እንዴት ልየው? በፍልሰታ ማግስት ሰባት ዓመቱን ላስብ ነው። ልጆቼ ከያሉበት ይመጣሉ። ትንሿ አባቷ ሲሞት ገና ድክ ድክ ስትል ነበረች፤ መልኩን አታውቀውም። 'አባትሽ ይህ ነው' ብዬ ይህን ነጭ ወረቀት ላሳያት?"

እኔ እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ አፌ ከራሴ ይቀድማል። "እማማ፣ ፈጽሞ የማይደበዝዝ ፎቶ እሠራልዎታለሁ። እርስዎም አልፈው፣ የልጅ ልጆችዎም አልፈው የሚቆይ" አልኳቸው። እሳቸው መርቀውኝ ወደ ጉሙ ተመልሰው ገቡ። እኔ በሬ ላይ ቆሜ ቀረሁ። የማይደበዝዝ ፎቶ የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን እንኳ አላውቅም ነበር።

መኖሩን የነገረኝ ስልኬ ነው። ሦስት ቀን ስፈልግ ቆይቼ አንድ ሸበቶ ፈረንጅ በእጁ ፎቶ ሲሠራ አገኘሁ። ፎቶውን የሚሠራው ከጥላሸት ነው! ጥላሸቱን ከጄላቲንና ከጥቂት ስኳር ጋር ያዋህድና ወረቀት ላይ ይቀባዋል። ጥላሸት ደግሞ አይደበዝዝም፤ የማድ ቤታችን ጣሪያ ምስክር ነው። እኔማ ደስታዬን አልቻልኩትም። የእኛ አገር ሰው ከሰል አክስሎ በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ሲልክ፣ ከዚያው ከጥቁሩ ነገር ሰው መሥራት እንደሚቻል የነገረን የለም። ሽማግሌው የተቀባውን ወረቀት አነሣና "አሁን ዋናው ነገር፣ ይህ ወረቀት ብርሃን እንዲያይ ለማድረግ" ሲል ኔትወርክ ጠፋ።

ኔትወርኩ ሳምንት ያህል ጠፋ። ልባም ሰው ቢሆን ይጠብቅ ነበር። እኔ ግን በሐሳቤ የአያ ቢተውን ፎቶ ሠርቼ፣ ክፈፍ አግብቼ፣ ከጎንደር ከባሕር ዳር ሰው እየመጣ ሲያደንቀው ማየት ጀምሬአለሁ። ብርሃን ለማየት ምን ይፈለጋል? ውጭ ማውጣት ነው እንጂ! ብዬ ሥራ ጀመርኩ።

ጥላሸቱ ቀላል ነበር፤ በኩራዝ ላይ ሳህን ደፍቼ እየፋቅሁ አጠራቀምሁ። አስቸጋሪው ጄላቲኑ ነው። በከተማው የሚሸጥ አጣሁ። ነገሩ ከቆዳና ከአጥንት የሚወጣ ሙጫ መሆኑን ስለማውቅ፣ ከሙስሊሞች ሥጋ ቤት ስምንት የበሬ ሸኾና ከነቁርበቱ ለምኜ አመጣሁና በትልቅ ብረት ድስት ጓሮ ጣድኩት።

ወሩ ነሐሴ ነው ብያለሁ። ፍልሰታ ገብቷል። ፍልሰታ ደግሞ ሌላውን ጾም የሚዘልል ሁሉ የማይዘልለው፣ ሕፃናት ሳይቀሩ የሚጾሙት ጾም ነው። እኔ በዚያ ጾም መሃል፣ ረፋድ ላይ፣ ስምንት ሸኾና እቀቅላለሁ!

መጀመሪያ ጥሩ ሽታ ነበር። ክፋቱ ይኸው ነው። ጉም ሽታን አያወጣም፤ ይይዘዋል። የቅቅሉ መዓዛ ከጉሙ ጋር ተቃቅፎ በሰፈሩ ላይ ተኛ። በአጥሩ ላይ ራሶች ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። ራሶቹ አይናገሩም፤ አይተው ይሰወራሉ። ባለቤቴ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በር ላይ ቆማ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ያዘች።

"አብደሃል?"

"ፎቶ እየሠራሁ ነው።"

"ፎቶ? ሽንኩርት ብቻ ነው የቀረው!"

ፕሮቴስታንቷ ማርታ ግን ደስ ብሏት ጎድጓዳ ሳህን ይዛ መጣች። "አንተ የኛን ቸርች ስትቀላቀል ልትነግረን አይገባም ነበር?" አለች እየሳቀች። ሳህኗን ባዶ ይዛ ስትመለስ ከልቧ አዘነች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የንስሐ አባቴ መጡ። ማን እንደጠራቸው አልጠየቅሁም። መቋሚያቸውን ተደግፈው ድስቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

"ልጄ፣ ይህ ምንድን ነው?"

"ፎቶ ነው አባ። የአያ ቢተው፣ የዘንገናው።"

"ነፍሳቸውን ይማር፤ አውቃቸዋለሁ።" ድስቱን እንደገና አዩት። "ሸኾናው የማን ነው?"

ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳኋቸው። እማማን፣ የደበዘዘውን ወረቀት፣ አባቷን የማታውቀውን ልጅ፣ ሁሉንም። በመጨረሻ፣

"አትበላውም?" አሉ።

"አልቀምሰውም አባ።"

"እንግዲያስ ቀቅል። ግን ልጄ፣ ሽታውን ክደነው። ሕዝቡ የሚጾመው ለአንተም ጭምር ነው።"

በማግሥቱ ሽታው ራሱ ተለውጦ ማንም የማይመኘው ነገር ሆነ። አጥልዬ፣ ስኳሩንና ጥላሸቱን ጨምሬ፣ አራት ወረቀት ላይ አፈሰስኩት። ሲደርቅ አዲስ ጥቁር ጫማ የመሰለ የሚያምር ወረቀት ወጣ። የአያ ቢተውን ኔጋቲቭ፣ ማለት ጥቁሩ ነጭ ነጩ ጥቁር የሆነበትን ምስል፣ በማተሚያዬ ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ላይ አትሜ፣ በአንደኛው ወረቀት ላይ ደርቤ፣ በመስታወት አጣብቄ ቀኑን ሙሉ ደጅ አስቀመጥኩት። ከዚያ ሽማግሌው በቪዲዮው መግቢያ ላይ እንዳሳየው ከሌላ ነጭ ወረቀት ጋር ገጥሜ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከተትኩት። ጥላሸቱ ቀስ ብሎ ተነሣ። ተነሣና ሄደ፤ ሁሉም ሄደ። ውሃው ጠቆረ፣ ወረቀቱ ነጣ። አያ ቢተው በአንድ ገንዳ ጥቁር ውሃ ውስጥ ተበተኑ። ቆሜ አየሁት። ውሃው ላይ የመስኮቱ ነጸብራቅ ይወዛወዛል። ሰው የሌለበት ሕልም ይመስል ነበር።

ኔትወርክ ሲመለስ የሽማግሌውን የተቋረጠ ዓረፍተ ነገር ሰማሁ። ጄላቲን ብቻውን ብርሃን አያውቅም። ብርሃን የሚያሳውቀው አንድ ብርቱካንማ ጨው ነው፤ ፖታሲየም ዳይክሮሜት ይባላል። እንዲህ ያለ ነገር የሚገኘው ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ ስለሆነ፣ ዳንግላ የኬሚስትሪ መምህር የሆነች የባለቤቴን የአክስት ልጅ ፈልጌ ሄድኩ። ቀጭን፣ ትንሽ፣ ድምጿ ቀስ ያለ ልጅ ናት። ግን ዳይክሮሜት የሚለውን ቃል ከአፌ ስትሰማ ተነሥታ በሩን ዘጋች።

"ጋሼ፣ ለምን ፈለጉት?"

ነገርኳት። እጇን አጣምራ ሰማችኝ።

"ይህ መርዝ ነው" አለች። "ቆዳ ያቆስላል። ትንፋሹ፣ ብናኙ ካንሰር ያመጣል። ዱቄቱን በእጄ አልሰጥዎትም። ራሴ በውሃ በጥብጬ፣ ለሦስት ወረቀት የሚሆን ብቻ እሰጥዎታለሁ። ያለ ጓንት አይነኩትም። ያለ ጭምብል አይቀርቡትም። ምግብ ከተሠራበት ዕቃ ጋር አይገናኝም። የታጠበበትን ውሃ አንዲት ጠብታ ሳይቀር በጀሪካን ሰብስበው ወደ እኔ ይመልሳሉ። ሜዳ ላይ ቢያፈስሱት ዘመድ ነን ማለት ይቀራል።"

"እሺ መምህር" አልኩ፤ በሃምሳ ዓመቴ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ።

ከዚያ ፊቷ ፈታ አለና አሠራሩን ነገረችኝ። "ወረቀቱን በዚህ ብጥብጥ ሲነክሩት ጨውን ይጠጣል። እርጥብ እያለ ብዙም አያይም፤ ጨለማ ውስጥ ሲደርቅ ግን ዐይኑ ይበራል። ከዚያ በኋላ ፀሐይ የነካው ቦታ ይጠነክራል፣ ያልነካው በሙቅ ውሃ ይሟሟል። የጠነከረው ነው ፎቶው። ግን ይቸኩሉ፤ አንዴ ዐይኑ ከበራ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አይቆይም። ፀሐይ ባያገኝም በራሱ ጊዜ ይደነድናል።"

ጠርሙሱን ተቀበልኩ። እናንተዬ፣ እንዴት ያለ ቀለም ነው! ፀሐይ ስትጠልቅ ከዳንግላ ሜዳ በላይ የሚታየውን ሰማይ ጨምቀው ያስቀመጡት ይመስላል። እንዲህ ያምራል፣ እንዲህ ይገድላል። በጥቁር ጨርቅ ጠቅልዬ፣ በጭድ መካከል በካርቶን አድርጌ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ ይዤ ተቀመጥኩ።

"አባት፣ ካርቶኑን ከላይ ልጫነው" አለ ረዳቱ።

"አይጫንም። የሚሰበር ነገር ነው።"

"እንቁላል ነው?" አለች ከጎኔ የተቀመጠች ሴት።

መርዝ ነው ልላት አልችልም። "አዎ፣ እንቁላል ነው" አልኩ።

ከፊት ያሉ አንድ አዛውንት ዞር አሉ። "በፍልሰታ?"

"ለ... ለመፈልፈያ ነው አባቴ። ጫጩት ላስፈለፍል።"

ነገሩ በዚህ ቢቆም ጥሩ ነበር። ሴትየዋ ግን አዛኝ ናት። "ውይ፣ እንዳይበርዳቸው!" ብላ ፎጣዋን አውጥታ ካርቶኑን አለበሰችልኝ። ረዳቱ መስኮት አዘጋ። ሹፌሩ ጉድጓድ ባየ ቁጥር ፍጥነቱን ይቀንስ ጀመር። መኪናው ሁሉ ለጫጩቶቼ ተጨንቆ፣ በጉም ውስጥ ቀስ እያለ፣ እንደ ታቦት አጀበን። ስወርድ አዛውንቱ "በደህና ያስፈልፍልልህ" ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ። ምን ልበል?

የመጀመሪያውን ወረቀት ዕቃ ቤት ውስጥ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርጄ፣ በቀይ አምፖል ነከርኩት። በማግሥቱ ደረቀ። ዐይኑ በራ። በር ከፈትኩ፤ ጉም። ጠበቅኩ፤ ጉም። በሦስተኛው ቀን ዐይኔ ጠፍቶ የማርታ መስኮት ራሱ ፀሐይ መስሎኝ ነበር። ወረቀቱ በጨለማ ውስጥ ሆኖ የማትመጣ ፀሐይ ሲጠብቅ ጠብቆ ጠብቆ ደነደነ። ሙቅ ውሃ ውስጥ ስከተው እንደ ጫማ ሶል አልበገርም አለኝ። አዘንኩለት፤ እውነቴን ነው።

ሁለተኛውን ይዤ ፀሐይ ፍለጋ ወደ ጫግኒ ወረድኩ። ጫግኒ ቆላ ነው፤ ክረምት ቢሆንም በዝናቡ መሃል ፀሐይ ብልጭ ትላለች። እንደወረድኩ ሙቀቱ እንደ ዘመድ አቀፈኝ። ሹራቤን አወለቅሁ። ባጃጅ ይዤ ገበያው ዳር ወዳለ ባዶ ቦታ ስደርስ ፀሐይዋ ጉብ ብላ ትጠብቀኛለች። ጓንቴን አጠለቅሁ፣ ጭምብሌን አደረግሁ፣ ወረቀቱን ከጥቁሩ ከረጢት ሳብ ሳደርግ ከጄላቲኑ ግማሹ ከረጢቱ ውስጥ ቀረ። ቀልጧል። የእንጅባራ ብርድ የለመደ ሙጫ የጫግኒን ሙቀት አልቻለም። ቀሪው ቀስ ብሎ ተንሸራትቶ ጓንቴ ላይ ወረደ።

ጥቁር ነገር የሚያንጠባጥብ ጓንት ዘርግቼ፣ የምይዝበትም የምጥልበትም አጥቼ እንደ ሐውልት ቆምኩ። አንድ ሽማግሌ ቀርበው እጅጌያቸውን እስከ ትከሻ ሰበሰቡ።

"በቀኙ ነው በግራው?" አሉኝ።

"ምኑ አባቴ?"

"ክትባቱ ነዋ!"

ከኋላቸው ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተሰልፈዋል። ክትባት አለመሆኑን ሳስረዳ አላመኑኝም፤ ለሌላ ሰፈር የመጣ ባለሙያ ነው፣ ለእኛ ከለከለን ብለው ተቆጡ። በጭምብሌ ውስጥ ሆኜ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ጓንቱን ከነወረቀቱ ከረጢት ውስጥ ቋጥሬ ወደ መናኸሪያ ሸሸሁ። እየወጣን ስንሄድ አየሩ ቀዘቀዘ፣ ጉሙም መጣና መስኮቱን ዘጋው። ያን ጊዜ ነው መሸነፌ የተሰማኝ። ፀሐይ ባለበት ወረቀቱ አይኖርም፤ ወረቀቱ ባለበት ፀሐይ የለም።

የአያ ቢተው ሰባት ዓመት ሊደርስ ሦስት ቀን ቀረው። በጠርሙሱ ውስጥ ለአንድ ወረቀት የምትሆን ብቻ አለች። ሄጄ ለእማማ እውነቱን ልናገር፣ ካልሆነም ለጊዜው በማተሚያዬ ላትምላቸው ብዬ ተነሣሁ። ግን ስነሣ ጠርሙሱንም፣ የቀረችዋን ጥቁር ወረቀትም፣ ገንዳውንም፣ ጀሪካኑንም ይዤ ነው የተነሣሁት። ራሴን አውቀዋለሁ፤ እኔ ተስፋ ስቆርጥ እንኳ ዕቃ አልረሳም።

እማማ ሲያዩኝ ለድግሱ ምስር እየለቀሙ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ሸኾናውን፣ ጫጩቱን፣ ክትባቱን። ከምር አዝኜ ነው የማወራው። እሳቸው ግን በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሲስቁ እንባቸው መጣ።

"ሰባት ዓመት ሙሉ በቢተው ነገር ስቄ አላውቅም ነበር" አሉ። "ፀሐዩን እግዜር ያውቃል፤ ጨለማ ከፈለግህ ግን ጓዳዬ መስኮት የለውም። ግባ።"

በእርግጥ ከዚያ ጓዳ የተሻለ ጨለማ ክፍል በሕይወቴ አልሠራሁም። በኩራዝ ብርሃን፣ በጓንቴና በጭምብሌ፣ የመጨረሻዋን ብጥብጥ ለመጨረሻዋ ወረቀት አጠጣኋት። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ደርቃ አገኘኋት። ኔጋቲቩን ደረብኩ፣ መስታወቱን አጣበቅሁ፣ ጥቁር ጨርቅ አልብሼ ደጅ አወጣሁ። ሰማዩ ነጭ ነው። ለሥራ የመጡት ጎረቤቶች አብረውኝ አንጋጠጡ። እማማ በአዊኛ አንድ ነገር አሏቸው፤ ሁሉም ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ዞሩ።

ከማዶው ጉብታ ላይ አንዲት የፀሐይ ቁራጭ ወርዳለች። የአንድ አውድማ ያህል ሰፊ ናት። በዳጉሳው ማሳ ላይ ቀስ እያለች ትሄዳለች።

"ሩጥ!" አሉኝ እማማ።

ሮጥኩ። መስታወቱን ከነወረቀቱ ራሴ ላይ አስተኝቼ፣ ጨርቁን ጥዬ፣ በእርጥብ ሣር ላይ ሮጥኩ። ደረስኩባትና ቆምኩ፤ ሙቀቷ ጫንቃዬ ላይ አረፈ። ትንሽ ቆይታ ልትሄድ ተነሣች። አብሬያት ሄድኩ። "ወደ ታች! ወደ ታች!" ይላል አንዱ ከኋላዬ። "አይ፣ ወደ ዛፉ ዞራለች!" ትላለች ሌላዋ። በጎች ሸሹኝ። አንድ ፈረስ ቀና ብሎ አየኝና ግጦሹን ቀጠለ። እማማ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከጎኔ ይራመዳሉ። ፀሐይዋ ስትፈጥን እንፈጥናለን፣ ስትቆም እንቆማለን። ማንም አይስቅም። ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ስንደርስ ፀሐይዋ እኛን ትታ ወደ ሐይቁ ወረደች። ዘንገና ከዛፎቹ መካከል ክብ ሆኖ ተኝቷል። ብርሃኗ ውሃው ላይ ስታርፍ ሐይቁ ዐይኑን ገልጦ ያየን መሰለኝ። ከዚያ ጉም መጣ፤ ሐይቁም ፀሐይዋም ጠፉ። ለምን ያህል ጊዜ እንደሮጥኩ አላውቅም። ይበቃል ወይ? እሱንም አላውቅም።

ጓዳ ገባን። ወረቀቱን በቀዝቃዛ ውሃ አርሼ ከነጩ ወረቀት ጋር ገጠምኩት፣ ተጫንኩት፣ ጠበቅሁ። ውሃ ሲሞቅ እማማ ጣታቸውን ሊነክሩ ነው ብዬ ደነገጥሁ፤ ጨው የሌለበት ንጹሕ ውሃ ስለነበር ተውኳቸው። በክርናቸው ለኩት። "ሕፃን የሚታጠብበት ነው፤ ይሁን" አሉ።

ወረቀቶቹን ከተትኩ። ጥቁሩ ከዳር ዳር መፍሰስ ሲጀምር የላይኛውን ወረቀት ቀስ ብዬ ላጥኩት። ያ የማውቀው ጥቁር ደመና ተነሣ። ውሃው ሁሉ ጠቆረ። ዐይኔን ጨፈንኩ፤ የገንዳውን የመጀመሪያ ውሃ ያየ ሰው ሁለተኛውን ለማየት ድፍረት ያጣል።

"ጆሮው" አሉ እማማ።

ዐይኔን ገለጥኩ። ከጥቁሩ ደመና ሥር አንድ ጆሮ አለ። ገንዳውን ቀስ ብዬ ነቀነቅሁት። ጉንጭ መጣ። ጢሙ መጣ፣ አንድ በአንድ። የጋቢው እጥፋት መጣ። አያ ቢተው እንጅባራ ጠዋት ላይ ከጉም ውስጥ እንደሚወጣ ሰው፣ ሳይቸኩሉ፣ ወደ ጎን እያዩ መጡ። እማማ አልጮኹም፣ አላለቀሱም። በአዊኛ፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ ሰው ከገበያ ሲመለስ እንደሚባለው ዓይነት አንድ አጭር ቃል አሉ። ትርጉሙን አልጠየቅሁም።

ካጠብኩት፣ ብርቱካንማው ቀለም እስኪለቅቅ ካለቀለቅሁትና የታጠበበትን ውሃ ሁሉ ለመምህሯ በጀሪካን ካጠራቀምሁ በኋላ ፎቶው አድሮ ደረቀ። ክፈፍ አገባሁለት። ልጆቹ ሊደርሱ ጥቂት ሰዓት ሲቀር እማማ ወደ ዋናው ቤት አስገቡኝና የሚሰቀልበትን ምስማር አሳዩኝ። ከጎኑ ሌላ ፎቶ ተሰቅሏል፤ የወጣትነታቸው፣ የእማማ የራሳቸው። ፊት ለፊት እያዩ ፈገግ ብለዋል።

ሰቀልኩ። ወደ ኋላ ራቅ ብዬ አየሁ።

አያ ቢተው ለእማማ ፎቶ ጀርባቸውን ሰጥተዋል። ይህ ሥራ ለካ ምስሉን የሚያወጣው አገላብጦ ነው፤ ቀኙን ግራ፣ ግራውን ቀኝ አድርጎ። ሽማግሌው ተናግሮት ይሆናል፤ ኔትወርኩ በልቶታል። በድሮው ፎቶ ወደ ሚስታቸው ያዩ የነበሩት ሰው፣ አሁን ለዘላለም በማይደበዝዝ ጥላሸት ወደ በሩ እያዩ ነው።

"እማማ..." አልኩ። "አበላሸሁት። ጀርባውን አሰጠሁብዎ። ብጥብጡም አልቋል፣ ወረቀቱም..."

እማማ ሁለቱን ፎቶዎች እያፈራረቁ አዩ። ከዚያ የገዛ ራሳቸውን ክፈፍ ከምስማሩ ነቅለው፣ በነጠላቸው መስታወቱን ወለወሉት። በባላቸው ፎቶ ፊት አልፈው በወዲያኛው በኩል፣ ምንም በሌለበት ግድግዳ ላይ፣ ደግፈው ያዙት።

"ቢተው በሕይወቱም ዞሮልኝ አያውቅም" አሉ። "ሁልጊዜ የምዞርለት እኔ ነበርኩ። ና ምስማር ምታልኝ።"